ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በገመድ ላይ ስለ መንጠልጠል የወጣ የፌዝ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

በፍኖተ ሰላም፣ በጅጋ፣ በማንኩሳ፣ በቡሬና በሽንዲ ያለህ ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ካህን፣ ተማሪ፣ የባጃጅ ሾፌርና የጋሪ ነጂ ሆይ!

መግቢያ

ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ከ«ገበታ ለሀገር» የቱሪዝም ፕሮጀክት ድርሻ ሲደርሳቸው ምዕራብ ጎጃም ሳህኑን ይዞ ወረፋ ላይ በመቅረቱ፤

የፈጠም ፏፏቴ ከጥንት ጀምሮ በነጻ ሲወርድ ኖሮ እስካሁን ቲኬት የሚቆርጥለት ሰው ባለማግኘቱ፤

የውጭ አገር መዝናኛዎች እንግዶቻቸውን ከሆቴል ወደ መጫወቻ በገመድ ላይ በተንጠለጠለ ካቢን እንደሚያመላልሱ በዩቲዩብ በመረጋገጡ፤

በምድር የሚደረግ ጉዞ «መንገድ ተዘግቷል» እየተባለ የሚስተጓጎል በመሆኑና ሰማይ እስካሁን ኬላ ያልተተከለበት ብቸኛ ጎዳና ሆኖ በመገኘቱ፤

በፏፏቴው ሊሠራ የታሰበው መዝናኛ አዋጅ አርቃቂ ኮሚቴ ውሎ አበሉን ከተቀበለ በኋላ የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የተንጠልጣይ ጉዞ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥር የለውም፤ የቁጥሩ ጉዳይ በእንጥልጥል ላይ ነው።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

1) «ጎንዶላ» ወይም «ኬብል ካር» ማለት መሪ፣ ጎማና ረዳት የሌለው፣ ከፍ ብሎ የሚሄድ ካቢን ነው፤

2) «እንግዳ» ማለት ከካቢኑ ወደ ታች የሚያይ ሰው ነው፤

3) «ነዋሪ» ማለት ከማሳው ወደ ላይ የሚያይ ሰው ነው፤

4) «ሻንጣ» ማለት እንግዳ የያዘው ዕቃ ነው፤ ያንኑ ዕቃ ነዋሪ ሲይዘው «ሸክም» ይባላል፤ ሸክም አይሳፈርም።

አንቀጽ 3. አሠራር

ወፍራም የብረት ገመድ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ዞሮ ይገጥማል። በአንደኛው ጣቢያ የተተከለ ሞተር ትልቅ መዘውር ያሽከረክራል፤ መዘውሩ ገመዱን፣ ገመዱ ካቢኖቹን ይጎትታል። ካቢኑ ጣቢያ ሲገባ ከገመዱ ይላቀቅና በሰው እርምጃ ልክ ይዘገያል፤ ወራጁ ይወርዳል፣ ተሳፋሪው ይገባል፣ ከዚያ ካቢኑ ገመዱን መልሶ ይይዛል። ከሾፌር ጋር መጨቃጨቅ፣ መልስ ረስቶ መውረድ፣ ትርፍ መጫን የለም። አንዱ ሲሄድ ሁሉም ይሄዳል፤ አንዱ ሲቆም ሁሉም ይቆማል። ኮሚቴው ይህን «ፍትሐዊነት» ብሎታል።

አንቀጽ 4. ጥቅሞች

1) 10 ሰው የሚይዝ ካቢን በየ12 ሴኮንዱ ቢነሳ በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 3,000 ሰው ይጓዛል። ሚኒባስ ግን እስኪሞላ ይጠብቃል። እስኪሞላ ሲጠብቅ ያለቀው የመንገደኛ ዕድሜ በዚህ ስሌት አልተካተተም።

2) ሞተሩ ያለው ጣቢያ ውስጥ ስለሆነ ካቢኑ አያጨስም፣ አይጮህም። በባጃጅ ሲንገጫገጭ የኖረ ሰው መጀመሪያ ሲሳፈር የሞተ ሊመስለው ስለሚችል አስቀድሞ ይነገረው።

3) አስፋልት የሚበላውን ያህል መሬት አይበላም፤ ምሰሶ የሚተከልበት ቦታና ጣቢያዎቹ ይበቁታል። ስለዚህ ስለ መሬት ካሳ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ የሚጠይቀው ገበሬ ጥቂት ነው። ኮሚቴው ይህን ንዑስ አንቀጽ በጭብጨባ አጽድቋል።

4) በጥቅምት የኑጉ ቢጫ፣ በኅዳር በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ከላይ ሲታይ መንገዱ ራሱ መዝናኛ ይሆናል። እንግዳው ፏፏቴው ጋ ሳይደርስ የከፈለው ገንዘብ ተመልሷል።

አንቀጽ 5. ተጨማሪ መስህቦች

ረቂቁ ይህን አንቀጽ «ጉዳቶች» ይለው ነበር። ቃሉ ገጽታ ስለሚያበላሽ እንደሚከተለው ተሻሽሏል፦

1) መብራት ሲጠፋ እንግዳው ተፈጥሮን ረዘም ላለ ጊዜ ያደንቃል። መጠባበቂያ ጄኔሬተር ይኖራል፤ ናፍጣው ወረፋ ላይ ነው።

2) መብረቅና ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ መስመሩ ይቆማል፤ ይህ በየትም አገር ያለ አሠራር ነው። በእኛ ሰማይ ክረምቱን ሙሉ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የማይቀር ስለሆነ፣ እንግዶች በጠዋት ወጥተው በጠዋት እንዲመለሱ፣ ነጎድጓዱም ፕሮግራሙን እንዲያከብር ይመከራል።

3) ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በቀጥታ ቢለካ ከ20 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጎንዶላ ደግሞ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ ሚኒባስ ቶሎ የሚጨርሰው መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ካቢኑ መጸዳጃ የለውም፤ ይህን በተመለከተ ዝርዝር መመሪያ ይወጣል። ማንኩሳ ላይ «ወራጅ አለ!» ያለ መንገደኛ ማንኩሳን ከእግሩ ሥር ያያታል እንጂ አይወርድባትም።

4) ፍሎሪዳ የሚገኘው ዋልት ዲስኒ ወርልድ «ስካይላይነር» የሚባለውን ጎንዶላ መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ። ሆቴሎቹን ከመናፈሻዎቹ ያገናኛል፤ ተሳፋሪው ለብቻው የሚከፍለው የለም፤ ካቢኑ አየር ማቀዝቀዣ የለውም፤ በቀዳዳ በሚገባ ነፋስ ይተዳደራል። በዚያው ወር በ24 ምሽት ካቢኖቹ ጣቢያ ላይ ተደራርበው መስመሩ ቆመ። ሰዎች ሦስት ሰዓት ያህል በአየር ላይ ቀሩ፤ የተወሰኑትን የእሳት አደጋ ሠራተኞች አወረዷቸው። ጥገናው አልቆ መስመሩ ቀናት ቆይቶ እንደገና ተከፈተ። ዲስኒን የሚያህል ባለጸጋ ሳምንት ሳይሞላው ከተንጠለጠለ፣ እኛ ሪባኑ ሳይቆረጥ ብንንጠለጠል አያስነውርም። ለዚሁ ሲባል በየካቢኑ አንድ ሰሃን ዳቦ ቆሎና አንድ ውዳሴ ማርያም ይቀመጣል።

አንቀጽ 6. የተከለከለ ጭነት

በግ፣ ዶሮ፣ ቅቤና አረቄ ክልክል ነው። የቡሬ በርበሬ የተፈጨም ሆነ ያልተፈጨ በተለየ ሁኔታ የተከለከለበት ምክንያት እንደሚከተለው ነው። ለሙከራ የመጣ አንድ ናሙና ካቢን መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ዘጠኝ የኮሚቴ አባላት ገቡበት። አሥረኛ ሆነው አንዲት እናት ገበያ የሚወስዱትን ግማሽ ማዳበሪያ በርበሬ ታቅፈው ተሳፈሩ። በሩ ተዘጋ። የማዳበሪያው አፍ የታሰረበት ሲባጎ ላላ። ሰብሳቢው አነጠሰ፤ ምክትሉ ተከተለ፤ ከዚያ በኋላ ተራ መጠበቅ ቀረ። በሩ ከውስጥ እንደማይከፈት የታወቀው ያን ጊዜ ነው። እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው «ይማርህ፣ አንተንም ይማርህ» ሲሉ ቆዩና «ልጆቼ፣ ለመሆኑ እዚህ ውስጥ የሚፈጨው በርበሬው ነው ሰው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው በቃለ ጉባኤ ተይዟል፤ መልስ ግን አልተሰጠበትም።

አንቀጽ 7. የነዋሪ ግዴታ

1) ገመዱ በጓሮው አናት የሚያልፍበት ነዋሪ ጓሮውን ጠርጎ፣ ልብሱን አሳምሮ አስጥቶ፣ ካቢን ባለፈ ቁጥር ቀና ብሎ ፈገግ ይላል።

2) ባሕር ዛፉ ወደ ገመዱ የደረሰበት ገበሬ ዛፉን ይቆርጣል። ዛፉ የልጁ መዳሪያ መሆኑ ግምት ውስጥ ይገባል፤ ግምቱ ግን አይከፈልም።

3) ጋሪ ነጂዎች ፈረሶቻቸው በካቢኑ ጥላ እንዳይደነብሩ ስለ ጎንዶላ የግንዛቤ ማስጨበጫ ይሰጧቸዋል።

አንቀጽ 8. የልዩነት ሐሳብ

ቃለ ጉባኤ ያዡ የሚከተለውን አስመዝግቧል፦

«ገመዱን አልጠላሁም። የኮሎምቢያዋ ሜዴሊን እ.ኤ.አ. በ2004 ጎንዶላ ስትዘረጋ ዳገት ላይ የሰፈሩ ድሆችን ከከተማው ባቡር ጋር ለማገናኘት ነበር። የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ጀምራ 10 መስመር አድርሳለች፤ ከኤል አልቶ አፋፍ ወደ ሥራ የሚወርደው ሰው ከቱሪስቱ ጎን ይቀመጣል። በቅርባችንም ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከምጽዋ አስመራ ድረስ 72 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የገመድ መስመር ሠርቶ ነበር፤ የሚያመላልሰው ጭነት ነበር፤ በኋላ እንግሊዞች ነቀሉት። እነዚህ ሁሉ አስቀድመው የጠየቁት ማን፣ ምን ይዞ መሻገር እንዳቃተው ነው። እኛ የጠየቅነው ማን ማየት እንደፈለገ ነው። ከመዝናኛው ሆቴል እስከ ፏፏቴው የምትደርስ አጭር ገመድ ትሠራ፤ መልካም ናት፣ ገቢም ታመጣለች። ግን የትራንስፖርት ችግር ፈታን አንበል። ወንዝ ሲሞላ ማዶ የቀረችውን፣ ምጥ የያዛትን ሴት የመዝናኛ ቲኬት አያሻግራትም።»

ሐሳቡ በአድናቆት ተመዝግቧል፤ ሐሳብ አቅራቢውም ለተሻለ ሥራ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል።

አንቀጽ 9. ስለ ተሻሩ ልማዶች

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» የሚለው ተረት፣ ዓባይ ራሱ በሰከላ ግሽ ላይ ምንጭ ሆኖ በመገኘቱ፣ በዚህ ዞን ተፈጻሚነት አይኖረውም። ምንጭ ያመሰገነ እንግዳ ሁሉ ይከፍላል።

አንቀጽ 10. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

አዋጁ በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ እንዲጸና ታስቦ ነበር። ነገር ግን ይህን አንቀጽ የተየበው ቃለ ጉባኤ ያዡ ነው፤ የጻፈውም ከመዛወሩ በፊት እንዲህ ብሎ ነው፦

«ይህ አዋጅ የሚጸናው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ተማሪን ከትምህርት ቤቱ፣ ሕመምተኛን ከጤና ጣቢያው የሚለይ የምዕራብ ጎጃም ወንዝ ሁሉ ድልድይ ባገኘ ማግስት ነው።»

ኮሚቴው ሳያነብ ፈርሞበታል፤ ማኅተምም አርፎበታል፤ ስለዚህ ሕግ ነው። ፈራሚዎቹ አንብበው ሳይሽሩት፣ የአገሬ ሰው ሆይ፣ ቶሎ ብለህ ድልድይህን ጠይቅ።