ደጅ የምታድር መኪና

አልጋዋን፣ ምድጃዋንና ሽንት ቤቷን ይዛ የምትዞረውን ካምፐር የሚያሻሽጡ ሰዎች አፋቸው ላይ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ነፃነት። እንደ ልብ መሄድ፣ ደስ ባለ ቦታ ማደር። እኔ ግን፣ ቢያንስ ለጥንታዊ ከተማ ጎብኚ፣ ትልቁ በረከቷ አለመግባቷ ነው ባይ ነኝ። ቁመቷ ወደ 3 ሜትር፣ ርዝመቷ 6 ወይም 7 ሜትር ነው፤ ለበቅሎና ለጋሪ በተቀየሰ ጎዳና ገብታ ብትወጣ እንኳ የጎን መስታወቷን አስረክባ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ሾፌር ከቅጥሩ ውጭ ያቆማትና በእግሩ ይገባል። ሆቴል የያዘው ይህ ዕድል የለውም፤ ትንሿ መኪናው እየተሽሎከለከች ደጃፉ ድረስ ስለምታደርሰው ከተማዋን የሚያያት ከሻንጣው ጋር እየታገለ ነው።

ከፓሪስ ደቡብ ምሥራቅ ያለችውን ፕሮቫንን እንውሰድ። በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከሻምፓኝ ታላላቅ የገበያ ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ከፍላንደርስ ጨርቅ፣ በጣሊያኖች በኩል ቅመማ ቅመም ይገባባታል፤ የሻምፓኝ መሳፍንትም ነጋዴው በመንገድ እንዳይዘረፍ ዋስ ይሆኑታል። ኋላ የጄኖዋ መርከቦች በጅብራልታር ዞረው ሸቀጡን ፍላንደርስ ድረስ ማድረስ ሲጀምሩ፣ ሌላም ሌላም ምክንያት ተጨምሮ፣ ገበያው ደረቀ። ጎዳናዋን የሚያሰፋ፣ ቅጥሯን አፍርሶ ሕንፃ የሚያቆም ባለጸጋ ጠፋ፤ በዚሁ ሰበብ ቅጥሩም፣ የነጋዴዎቹ ምድር ቤቶችም ተርፈው በ2001 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዘገባቸው። ከድህነት የተሻለ የቅርስ ዘበኛ የለም፤ ደመወዝ እንኳ አይጠይቅም። የእኛዋ ሐረርም ዕጣዋ ይኸው ነው። የጅቡቲው ባቡር ተራራውን መውጣት አልሆንለት ብሎ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ ሲቆም ንግዱ ተከትሎት ወረደ፤ ጀጎል ከነጠባብ መንገዱ ቀረ። እንግዲህ እነዚህን ከተሞች ለማየት የሚያበቃን የመንገዳቸው ጥበት ከሆነ፣ መንገዱ ጠበበኝ ብሎ ማማረር ምን ይባላል? ፕሮቫን ላይ ከሴን ዣን በር ውጭ ሰፊ መኪና ማቆሚያ አለ፤ እዚያ ትደር።

የካምፐር ሰው ከተማ ውስጥ ሳንቲም አይጥልም የሚሉ አሉ። ከዳር ካለው ትልቅ ሱፐርማርኬት ሁሉን ሸምቶ የሚመጣ አይጠፋም፣ አይካድም። ግን ሚዛኑ ራሱ ይቀጣዋል። በተራ መንጃ ፈቃድ የምትነዳ ካምፐር እስከ 3.5 ቶን ድረስ ነው የተፈቀደላት፤ 100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ ነው። በርበሬውን፣ ሽሮውንና ምጣዱን ሳይዝ ከቤቱ የማይነቃነቀው የአውሮፓ ሐበሻ ደግሞ ገና ሳይነሳ ሚዛኑን ሞልቷል። ስለዚህ ዳቦና አይብ በየማለዳው ከከተማዋ ይገዛል። የፈረንሳይ ማዘጋጃ ቤቶች ለካምፐር ማደሪያ ሠርተው ውሃ መቅጃና ቆሻሻ ማፍሰሻ የሚያዘጋጁት ለጽድቅ አይመስለኝም።

የሚከብደው ተቃውሞ የፈረንሳዊው ባለቅኔ የሬምቦ ነው። በ1854 እ.ኤ.አ. የተወለደባት ሻርልቪል እስክታንገሸግሸው ሰልችታው በልጅነቱ ደጋግሞ ከቤት ኮብልሏል፤ የትንሽ ከተማን ጸጥታ እንዲህ የሚያደንቀው መንገደኛ እዚያው ኑር ቢባል ምን ይል ነበር? ሳይኮበልል አይቀርም። ግን ባለቅኔው ሐረር ገብቶም መሰልቸቱን ለቤተሰቦቹ ጽፏል፤ እንደ እሱ ያለውን ሰው የትኛውም ከተማ አይችለውም። ደግሞስ የነዋሪው መሰልቸት በእንግዳው ላይ ማስረጃ የሚሆነው ለምንድን ነው? ሁለት ሌሊት አድሮ የሚሄድ ሰው እኮ ለመሰልቸትም ጊዜ የለውም።

የቀረው የሽንት ቤቱ ነገር ነው። ከመቀመጫው ሥር የሚሳብ፣ 20 ሊትር ገደማ የሚይዝ የላስቲክ ሣጥን አለ፤ በየሁለት በየሦስት ቀኑ በትንንሽ ጎማው እየጎተቱ እስከ ማፍሰሻው መሄድ ግድ ነው። ሰዓቱም ጎረቤቶች ትኩስ ዳቦ በብብታቸው ይዘው የሚመለሱበት ነው፤ ፈረንሳዊ ደግሞ እንደ እኛው ነው፣ ቆሞ ሰላም ሳይል አያልፍም። ለዚህ ተቃውሞ መልስ የለኝም፤ ፈጠን ብሎ መራመድ ነው።