የየኔታን አመል ለመጠበቅ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ!

በፋርታ፣ በፎገራ፣ በእስቴና በጋይንት ተምረህ፣ ዛሬ ደበሎህን በኮትና በከረባት የለወጥህ የቀድሞ የቆሎ ተማሪ ሁሉ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

የኔታ ሌሊት ዜማ ሲያስቀጽሉን እያንኮራፉ፣ አንዲት ይዘት ስንዘል ግን ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ተመለስ!» ይሉን እንደነበር ማናችንም የማንክደው በመሆኑ፤

የፎገራ ናቤጋው አለቃ ገብረ ሐና የጣናን ማዕበልና የደንገሉን ውዝዋዜ አይተው አወጡት የሚባለውን ዝማሜ የጎንደር ሊቃውንት ባይቀበሉትም፣ ልጃቸው አለቃ ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስተምረውት ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» ተብሎ በየአድባራቱ የሚዘመም በመሆኑ፤

ስለዚህም የአንዱ ዘመን ጉድ ለሚቀጥለው ዘመን ሥርዓት እንደሚሆን ስለተረጋገጠ፤

በአኩፋዳችን በተሰጠን ሥልጣን የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የየኔታ አመል ጥበቃ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። በቃሉ ያልያዘው ግን አይጥቀሰው።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ
ሀ) «የኔታ» ማለት በቅሏቸውን በግዕዝ የሚቆጡ፣ ለሹም በቀልድ የሚመልሱ መምህር ናቸው።
ለ) «አለንጋ» ማለት ከመደቡ በላይ የተሰቀለ፣ ከመውረዱ ይልቅ መሰቀሉ የሚያስተምር መሣሪያ ነው።
ሐ) «ምሳ» ማለት «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከውሻ ለተረፈ ተማሪ የሚሰጥ ኩርማን እንጀራ ነው።

አንቀጽ 3፦ የየኔታ መብት
1. የተማሪው ጉባኤ ቃና ካልጣማቸው ስሕተቱን ለተማሪው ሳይሆን ለፍየላቸው የመንገር መብት አላቸው። ተማሪው ከፍየሏ ጋር መከራከር አይችልም።
2. የተዘረፈ ቅኔ አይደገምምና፣ የትናንት ቅኔ ያመጣ ተማሪ የትናንት እንጀራ ይበላል። ቅጣቱ ግን አይታወቀውም፤ የቆሎ ተማሪ እንጀራ መቼ የዛሬ ሆኖ ያውቃል?

አንቀጽ 4፦ ከርዕስ ስለመውጣት
የኔታ ከዳዊት ተነሥተው ወደ ጉና ውርጭ፣ ከውርጩም ወደ ድንች ዋጋ ቢሻገሩ ከርዕስ ወጡ አይባልም። እዚሁ ጋፋት ላይ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ አውሮፓውያን በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ሴባስቶፖልን ያህል መድፍ ሠርተዋልና፣ ከዚያ የባሰ ከርዕስ መውጣት የለም።

አንቀጽ 5፦ ክልከላ
የትምህርት ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ ባይ ሁሉ በቤተ ልሔም ድጓውን፣ በዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕቱን ሳያስመሰክር የየኔታን የትምህርት ዕቅድ መጠየቅ አይችልም። ዕቅዱ ያለው በራሳቸው ውስጥ ነው። ቅጂ የሚፈልግ ከፊደል ጀምሮ ይቀመጥ።

አንቀጽ 6፦ ቅጣት
የየኔታን አነጋገር እየቀዳ ያሾፈ አይከሰስም፤ ያላሾፈ ምስክር ስለማይገኝ። ሆኖም የቀዳው አነጋገር አፉ ላይ ቀርቶ፣ ልጆቹን በተቆጣ ቁጥር የየኔታን ድምፅ ከራሱ ጉሮሮ እንዲሰማ ተፈርዶበታል።

አንቀጽ 7፦ የተሻሩ ሕጎች
መምህር ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን የሚል ማናቸውም ደንብ፣ መመሪያና የስብሰባ ቃለ ጉባኤ በዚህ አዋጅ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ተፈጻሚነት የለውም።

አንቀጽ 8፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ተማሪ ለምኖ ባጠራቀመው እህል ጠላ ጠምቆ የኔታን ከሚጋብዝበት ከደብረ ታቦር በዓል፣ ከነሐሴ 13 ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። በዚያ ዕለት ጅራፉ በእኛ እጅ፣ ዋንጫው በየኔታ እጅ ስለሚሆን ይግባኝ የሚሰማ የለም።