የነጥብ ጭራዎችን ቁጥር ለማብዛት የወጣ አዋጅ

ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ከ1985 ጀምሮ ዶት ኮምና ጓደኞቹ ሕዝበ ኢንተርኔትን ሲያገለግሉ የኖሩ ቢሆንም፣ ሕዝቡ ጠበበኝ እስኪል መጠበቅ ስለማያስፈልግ፤ ነባሮቹ ጠቅላላ ጭራዎችም 22 ብቻ በመሆናቸው፤ የስም አዳዩ አይካን በ2011 ሲንጋፖር ላይ በወሰነው መሠረት የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ ትርጓሜ። «ጭራ» ማለት ከአድራሻው መጨረሻ ነጥብ በኋላ የሚንጠለጠል ቃል ሲሆን፣ ዶት ፒዛን፣ ዶት ኒንጃንና ዶት ጉሩን ይጨምራል። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ክፍያውም በፈረንጅ ገንዘብ።

አንቀጽ 2፤ መብት። ማንኛውም ድርጅት ጭራ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው። ለመጠየቂያው በመጀመሪያው ዙር 185,000 ዶላር ይከፍል ነበር። በ2012 የገቡት 1,930 ማመልከቻዎች መብቱ ምን ያህል እንደተወደደ ያስረዳሉ።

አንቀጽ 3፤ ወረፋ። ተራ የሚለየው አመልካቹ በቀጠረው ቅጽበት ኮምፒውተር ላይ ቁልፍ በመጫን፣ ማለትም በ«ዲጂታል ቀስት ውርወራ» እንዲሆን የተደነገገው ተሽሮ፣ በ100 ዶላር የዕጣ ትኬት ተተክቷል። አንደኛው ዕጣ ቫቲካን በቻይንኛ ፊደል ላመለከተችበት «ካቶሊክ» ወጥቷል። በዕጣው የሰማይ እጅ አለበት የሚል አቤቱታ ተቀባይነት የለውም።

አንቀጽ 4፤ ክርክር። አንድን ጭራ ብዙዎች ከፈለጉት ለጨረታ ይቀርባል፤ ዶት ዌብ በ2016 በ135 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ዶት አማዞንን በተመለከተ፣ ወንዙ በምድራቸው የሚፈስ ብራዚልና ፔሩ ቢቃወሙም፣ ጭራው ለበይነ መረብ መደብሩ ተሰጥቷል። ዶት አፍሪካም የአፍሪካ ኅብረት ድጋፍ በነበረው የደቡብ አፍሪካ ድርጅትና ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሶፊያ በቀለ በመሠረቱት ዶትኮኔክትአፍሪካ መካከል እስከ ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ካከራከረ በኋላ፣ በ2017 ለደቡብ አፍሪካው ወጥቷል።

አንቀጽ 5፤ ግዴታ። ስመ ጥር ነጋዴ ሁሉ፣ ስሙን ሌላ እንዳይወስድበት፣ በየጭራው ሥር ደግሞ ደጋግሞ ይገዛል። «አይረባም» የሚል ስድብ ያነገበው ጭራ በ2015 ሲከፈት ለንግድ ምልክት ባለቤቶች የተቆረጠው ዋጋ በዓመት ወደ 2,500 ዶላር ገደማ ነበር። የተሰደበ ሳይሆን የሚሰጋ ይከፍላል።

አንቀጽ 6፤ ስንብት። ጭራው የከበደው መመለስ ይችላል። ማክዶናልድስ በስሙ የወሰደውን በ2017 አስረክቦ በዶት ኮም በርገሩን መሸጥ ቀጥሏል።

አንቀጽ 7፤ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ። ሁለተኛው ዙር በ2026 ይከፈታል፤ ክፍያውም 227,000 ዶላር ሆኗል። የግዕዝ ፊደል ደንብ ከ2017 ጀምሮ ተዘጋጅቶ ስለተቀመጠ፣ ይህን ገንዘብ ይዞ የመጣ ማንኛውም ባለፊደል በሥራ ሰዓት ይስተናገዳል።