ስለ ፒን አወላለቅና አሰዋወር

የቅንጦት ሰዓት ማሰሪያን በገዛ እጅ መቀየር ሊቃውንት ፊታቸውን ያዞሩበት የሰው ልጅ ተግባር ነው። ስለ ሰዓቱ ማሽን፣ ስለ መስታወቱ፣ ስለ ወርቁ ብዙ ተጽፏል። አሥር ሺህ ዶላር ያወጣበትን ሰዓት ጠረጴዛ ላይ በግንባሩ ደፍቶ የፍራፍሬ ቢላ ፍለጋ ወደ ኩሽና ስለሚሄደው ሰው ግን የተባለ ነገር የለም። ይህ ጽሑፍ ያንን ክፍተት ለመሙላት ቀርቧል።

ክፍተቱ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ማሰሪያው የሚገባው ከሰዓቱ አካል በሚወጡ ሁለት እግሮች መካከል ሲሆን፣ በብዙ የታወቁ ሰዓቶች፣ ለምሳሌ በኦሜጋ ስፒድማስተር ፕሮፌሽናል፣ በእግሮቹ መካከል ያለው ርቀት ይኸው ነው። እዚያ መሀል አንዲት ፒን ተጋድማለች። ቀጭን የብረት ቱቦ ናት፤ ሆዷ ውስጥ ሞላ አለ። ጫፎቿ ሲጫኗቸው ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ሲለቋቸው ወጥተው እግሮቹ ላይ በተበሱት ጉድጓዶች ይሰካሉ። ውፍረቷ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሚሊ ሜትር አይሞላም። ማስታወቂያው ላይ ስሟ የለም፤ ሻጩም አያነሳትም። ይሁንና ያ ሁሉ የስዊዘርላንድ ጥበብ ክንድ ላይ የሚውለው በእርሷና በማዶ በምትገኘው እህቷ በጎ ፈቃድ ነው።

ማሰሪያ ቀያሪው ለምን ራሱ እንደሚቀይር ሲጠየቅ «ለዚህች ሥራ ገንዘብ አልከፍልም» ይላል። ጥናቱ ይህን መልስ አልተቀበለውም፤ ሰውየው የአዞ ቆዳ ማሰሪያ ገና አሁን ገዝቶ ነው የሚናገረው። እውነተኛው ምክንያት የሰዓቱ አዲስነት መልቀቁ ነው። ሌላ ሰዓት ቢገዛ ቤት ውስጥ ሽማግሌ ያስቀምጣል፤ ማሰሪያን ግን ማንም ልብ አይልም። የብረት ሰንሰለቱ ወልቆ ቡናማ ቆዳ የገባለት ሰዓት ለሁለት ሳምንት ያህል ሌላ ሰዓት ነው።

ቀያሪዎች በያዙት መሣሪያ አራት ወገን ናቸው፤ ባለ ቢላ፣ ባለ መርፌ፣ ባለ ወረንጦና ባለ መሣሪያ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን መለየት የሚቻለው ሥራው ካለቀ በኋላ በጭረቱ ቅርጽ ብቻ ስለሆነ እንደ አንድ ብንቆጥራቸው ሳይንስ አይጎዳም። ባለ መሣሪያው በርዦን 6767 የሚባለውን የያዘው ነው። በርዦን እ.ኤ.አ. በ1791 የተመሠረተ፣ መቀመጫው ለ ሎክል የሆነ የስዊዘርላንድ ድርጅት ነው፤ መሣሪያው በአንድ በኩል የተሰነጠቀ፣ በሌላው በኩል የሾለ ጫፍ አለው። ባለ መሣሪያውም ይጭራል። የእርሱ ጭረት ግን ሙያዊ ነው።

ጭረቱ የሚያርፈው በእግሩ የውስጥ ገጽ ላይ፣ አዲሱ ማሰሪያ ሲገባ በሚሸፈን ቦታ ነው። ከባለቤቱና ከሰዓት ሠሪ በቀር አይቶት የሚያውቅ ሰው የለም። ባለቤቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰዓቱን ሲያይ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያይም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የፒኗ አንድ ጫፍ ከጉድጓዱ በወጣበት ቅጽበት ሞላው ያመቀው ኃይል ይለቀቃል፤ ፒኗ ትፈናጠራለች። ይህ ፊዚክስ ነው፤ አያከራክርም። የሚያከራክረው የት እንደምትሄድ ነው። የመጀመሪያው ማስረጃ ድምፅ ነው። «ጥን» ካለች ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ ተስፋ አለ። ምንም ካልተሰማ ሦስት ዓይነት ስወራ ይጠረጠራል፤ ምንጣፋዊ፣ ሶፋዊና ጋቢያዊ። ምንጣፋዊው በእጅ ዳበሳ ይፈታል። ሶፋዊው ሳንቲም፣ የጆሮ ጌጥና ቆሎ ስለሚያስገኝ በኪሳራ አይመዘገብም። ሦስተኛውን ግን በዝርዝር ማየት ግድ ይላል።

ጋቢያዊ ስወራ የሚከሰተው እሑድ ጠዋት ነው። ሰውየው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ሰዓቱን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ይቀመጣል። ጋቢ አራት ድርብ የጥጥ ልብስ መሆኑ ይታወቃል፤ ለብርድ የሚበጀው ይህ ባሕርይው ለፒን ፍለጋ መቅሠፍት ነው። የፒኗ ጫፍ አጠገብ ማውለቂያው እንዲይዛት የወጣ ትንሽ ቀለበት አለ። ያ ቀለበት ድሩን ሲያገኝ ይይዛል። ስለዚህ ፒኗ አልሄደችም። እዚያው ሰውየው ላይ ናት። ሰውየው ይህን አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም፤ ዓይኑ ወለሉ ላይ ነው።

በዚህ ጊዜ የሚወጣው ቃል ከቤት ቤት የማይለያይ መሆኑ አስደናቂ ነው። «ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» ይላል፤ ይህን ብሎም መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ራሱ ነው። ብድግ ሲል የጋቢው ጫፍ ወለሉን ይጠርጋል፤ ፒኗ ከአንዱ እጥፋት ወደ ሌላው ትሸጋገራለች።

«ምን ጠፋህ?» ትለዋለች ባለቤቱ።

«ምንም።»

«ለምንም ነው እንዴ መብራት ሁሉ የበራው?»

ከዚህ በኋላ ጥናቱ «የመንበርከክ ምዕራፍ» ብሎ የሰየመው ይከተላል። የስልክ መብራት ወለሉ ላይ በአግድም ይያዛል፤ ይህ በእውነት ጥሩ ዘዴ ነው፤ ትንሽ ነገር በአግድም ብርሃን ረዥም ጥላ ይጥላል። ትንሹ ልጅ በደረቱ እንዲተኛ ይታዘዛል። ልጁ ማስቲካ፣ እስኪሪብቶ ክዳንና በድኑ የደረቀ በረሮ ያገኛል። አባት በጉልበቱ ሲድህ ጋቢው ይከተለዋል፤ ጋቢው ባለፈበት ሁሉ ፒኗም ታልፋለች። በአንድ ቤት ውስጥ ፈላጊና ተፈላጊ እንዲህ ተቃቅፈው የሚዞሩበት ሌላ ሁኔታ አላጋጠመንም።

በስተመጨረሻ ማግኔት ይመጣል። ሁለት ነገሮች ልብ ይባሉ። አንደኛ፣ ብዙውን ጊዜ ፒን የሚሠራው ማግኔት እምብዛም ከማይስበው የማይዝግ ብረት ነው። ሁለተኛ፣ ማግኔት የሚስበው ነገር ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። የሜካኒካል ሰዓት ልብ የሆነችው ጠመዝማዛ ሞላ በማግኔት ስትያዝ ጥምዝዞቿ ይጣበቁና ሰዓቱ ወደፊት ይሮጣል። በመሆኑም ከሰዓት በኋላ ሰውየው ፒን የሌለውና የሚቸኩል ሰዓት ባለቤት ይሆናል።

ፒኗ የምትገኘው ጋቢው ሲታጠብ ነው፤ ሳፋው ሥር። ያገኘቻትም «ይቺ ሽቦ የምን ናት?» ብላ ከቆሻሻው ጋር ትደፋታለች።

መድኃኒቱ በሙያተኞች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ሰዓቱንም እጅንም ብርሃን የሚያሳልፍ ፌስታል ውስጥ አስገብቶ መሥራት። ፒኗ ብትዘል ፌስታሉ ይይዛታል። ፌስታሉን መጀመሪያውኑ ያመጣ ሰው የዚህ ጥናት አካል ሊሆን አልቻለም፤ የሚጠና ነገር የለውም።

ከአወላለቅ ይልቅ አገባቡ ቀላል ነው የሚሉ አሉ። እነዚህ 19 ሚሊ ሜትር የሚባለውን ልኬት የማያውቁ ናቸው። ባለ 36 ሚሊ ሜትሩ ሮሌክስ ኤክስፕሎረር 19 ነው። የዚያው የሮሌክስ ሰብማሪነርም ለረዥም ዘመን 20 ሆኖ ኖሮ በ2020 ወደ 21 ከፍ ብሏል። አንዲት ሚሊ ሜትር ምን ታደርጋለች የሚል ሰው የ20ውን ቆዳ በ19 ሊያስገባ ሲታገል ማየት ነው። ቆዳው ይገባል፤ ደስ ብሎት ግን አይደለም። በተቃራኒው፣ በ1964 ጎልድፊንገር ፊልም ላይ ሾን ኮነሪ ያሰረው ባለ ሸንተረር ናይለን ከሰብማሪነሩ እግሮች ክፍተት በግልጽ የጠበበ ነበር፤ ፒኗ ከሁለቱም ወገን ትታያለች። ዓለምን ሊያድን የወጣ ሰው አልተሳቀቀባትም።

ፒን እንደምትከዳ በሰነድ ያመነ አንድ መንግሥት ቢኖር የብሪታንያ ነው። መከላከያ ሚኒስቴሩ በ1973 ባወጣው መስፈርት የወታደር ሰዓት ማሰሪያ ግራጫ ናይለን፣ ስፋቱም 20 ሚሊ ሜትር እንዲሆን አዘዘ፤ ዛሬ በየገበያው ኔቶ እየተባለ የሚሸጠው የዚህ ልጅ ነው። አንድ ወጥ ጨርቅ ሆኖ በሁለቱም ፒኖች ሥር ስለሚያልፍ አንዷ ብትሰበር ሰዓቱ በሌላዋ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እርሱን ለመቀየር ፒን መንካት አያስፈልግም። መፍትሔው ከተገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ የአዞ ቆዳ ገዢው ግን አሁንም ቢላ እየፈለገ ነው።

የጥናቱ ምደባ ከዚህ በኋላ የብረት ሰንሰለቶችን በሰባት ንዑስ ክፍሎች ሊያትት አቅዶ ነበር። ሆኖም በ1972 የወጣው የኦደማር ፒጌ ሮያል ኦክ ሰንሰለቱ ከአካሉ ጋር ተዋህዶ የተነደፈ ስለሆነ ከገበያ የተገዛ ተራ ማሰሪያ አይቀበልም። ካርቲየ ደግሞ በ2018 ሳንቶስን ሲያድስ ከሥር በጣት ተጭነው የሚያወልቁት ማሰሪያ ሠራለት። ፒን አይዘልም፣ ማንም አይንበረከክም፣ ልጅ በደረቱ አይተኛም። በዚህ ዓይነት አካሄድ ምርምር መቀጠል ስለማይቻል ሰባቱ ክፍሎች ቀርተዋል።

መርካቶ ውስጥ የመስታወት ሣጥኑን ፊቱ አድርጎ የተቀመጠ ሰዓት ሠሪ ይህን ሁሉ የሚሠራው ከጎረቤቱ ጋር ስለ ኳስ እያወራ ነው። ፒኗን አያያትም፤ እርሷም አትዘልበትም። ሲጨርስ ማሰሪያውን በሁለት እጁ ጎተት፣ ጎተት አድርጎ ይፈትነዋል፤ ከዚያ አሁን የተሸፈነውን ጭረት በአውራ ጣቱ እየጠቆመ «ጋሼ፣ ይህን በምን ነክተውት ነው?» ይላል። በቋሚነት የሚሰጠው መልስ «ልጆች ናቸው» የሚል ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ ተነግሮህም ራስህ መቀየርህ አይቀርም። እንግዲያው ጋቢህን አውልቅ፣ ፌስታል አምጣ፣ ስትጨርስም ማሰሪያውን አልጋ ላይ ሆነህ ጎትተህ ሞክር። ፒን ስትገዛ ደግሞ ጥንድ አትግዛ፤ ፓኬቱን ግዛ።