ከሌሊቱ 7፡12

የጠፈር ሊቅ የሆንኩት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና የመጠቀችበት ዕለት። ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ ነው ሲሉ ሰማሁ። እኔ እበልጣታለሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመኝ?

መጀመሪያ ያስተማርኩት የኮንዶሚኒየማችንን ልጆች ነው። አንድ ማታ ጣቴን ቀስሬ «ያውላችሁ ሳተላይት!» አልኩ። ሳተላይት የራሱ መብራት እንደሌለው፣ እኛ የምናየው የፀሐይን ብርሃን ሲመልስ እንደሆነ፣ ስለዚህም ብልጭ ድርግም እንደማይል ተነተንኩ። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ «ጋሼ፣ ታዲያ ያ ቀዩ ለምን ይበራል ይጠፋል?» አለችኝ።

«ፍሬን እየያዘ ነው» አልኳት።

ሳተላይቱ ቦሌ አረፈ።

ሰው በዚህ ይማራል። እኔ ወደ ኢሪዲየም ተሸጋገርኩ። በ780 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዞሩ 66 የስልክ ሳተላይቶች ናቸው። እያንዳንዳቸው በር በር የሚያካክሉ፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቁ ሦስት አንቴናዎች አሏቸው። አንዱ አንቴና ፀሐይዋን አግኝቶ ወደ እናንተ ከመለሳት፣ ለጥቂት ሴኮንዶች የአጥቢያ ኮከብን የሚያስንቅ ብልጭታ ታያላችሁ። ይህን አንብቤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጋቢዬን ተከናንቤ በረንዳ ላይ አንጋጠጥኩ። ያገኘሁት የአንገት ቅጭት ብቻ ነው። ባለቤቴ አንገቴን በቅባት እያሸች «እስቲ ጽሑፉ መቼ የወጣ እንደሆነ እየው» አለችኝ። አየሁት። ያረጀ ነው። ሳተላይቶቹ በፈረንጆቹ ከ2017 እስከ 2019 በአዲስ ተተክተዋል፤ አዲሶቹ ያ መስታወት የላቸውም፤ የቀድሞዎቹም አብዛኞቹ ወደ ምድር ሲወርዱ አየር ላይ ተቃጥለዋል። ለካ በረንዳ ላይ ሙት ስጠብቅ ነው የከረምኩት።

ስሜን ለማደስ ዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ መረጥኩ። ትልቅ ነው፣ ደማቅ ነው፣ ምድርን በ90 ደቂቃ ገደማ ይዞራል። እንዲህ ያለውን ማን ይስታል? ስልኬ ላይ አፕ ጫንኩ። «7፡12» አለኝ። ጎረቤት ጠራሁ። አማቴን ከእንቅልፋቸው ቀሰቀስኩ። ቡና ሁሉ ተፈላ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አሥራ አንድ ሰው ብርድ ልብስ ለብሶ ግቢ ውስጥ ሰማይ ሰማይ ያያል።

7፡12 ሆነ። ምንም የለም።

«ደመና ነው» አልኩ። ከዋክብቱ በሙሉ እያዩኝ።

እናቴ ሰው ልትቀበል ኤርፖርት ስትሄድ እንኳ «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብላ ትጠይቃለች። እኔ አልጠየቅኩም። ጣቢያው ከምሽቱ 1፡12 ላይ፣ እኛ እራት ስንበላ፣ በጣሪያችን ላይ አልፎ ሄዷል። በሌሊቱ ሰዓትማ አናታችን ላይ ቢመጣም አናየውም፤ ከፍታው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ እኩለ ሌሊት ላይ የምድር ጥላ ውስጥ ነው፤ ፀሐይ አያገኝም። አማቴ ሊያጽናኑኝ «ምናልባት መብራት ጠፍቶባቸው ይሆናል፣ ልጄ» አሉኝ። ከሁላችንም ለሳይንሱ የቀረቡት እሳቸው ነበሩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከምሽቱ 1፡30 ላይ፣ ብቻዬን ወጣሁ። ብጠራም የሚመጣ አልነበረም። ጣቢያው ከምዕራብ ብቅ አለ። ደማቅ፣ ድምፅ የለሽ፣ ብልጭ ድርግም የማይል። ማንም በሌለበት «ያውላችሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ዘበኛው ዱላውን ይዞ እየሮጠ መጣ። ቀና ብሎ አየና «አይሮፕላን እኮ ነው፣ ጋሼ» አለኝ።

ቀይ መብራቱ የታለ ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ልጅቷ ትዝ አለችኝና ዘጋሁት።

ጣቢያው ወደ ምሥራቅ ሲያዘቀዝቅ የምድር ጥላ ውስጥ ገባና እዚያው ሰማይ መሃል ድርግም አለ። ዘበኛው ደነገጠ። «የት ገባ?»

«ቦሌ አረፈ» አልኩት።