ገንዘብ ከፍሎ ብርድ

የሚኒሶታ ሐበሻ ከኅዳር እስከ መጋቢት በረዶ ሲረግም ይከርማል። መኪናውን ሲጠርግ ይረግማል፣ ቡና ላይ ይረግማል፣ አዲስ አበባ ደውሎ «እናንተማ ታድላችሁ!» እያለ ይረግማል። ጥር ላይ የማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ሰኞን ሲጨምርለት ግን፣ ያው ሰውዬ ጓደኞቹን ሰብስቦ ወደ ሚል ላክስ ሐይቅ ይነዳና ስኖውሞቢል ይከራያል። የደጁ በረዶ አልበቃ ብሎት።

የመጀመሪያው ፈተና ዕድሜ ነው። የግዛቲቱ ሕግ በፈረንጅ ከዲሴምበር 31 ቀን 1976 በኋላ የተወለደ ነዋሪ ስኖውሞቢል ለመንዳት የደኅንነት ትምህርት ተምሮ ምስክር ወረቀት ይያዝ ይላል። ቀደም ብሎ የተወለደ ግን ነጻ ነው። ይህ በተነገረበት ደቂቃ ዕድሜያችን ተመለሰ። «አንቱ» ያላትን ሁሉ የምታኮርፍ ወዳጃችን እንኳ «እኔማ እናታችሁ ነኝ» አለች። እኔም ከእናቶቹ ጎን ቆምኩ፤ ዓመቱን አትጠይቁኝ። አንዱ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ «የ1972 ልጅ ነኝ» አለ። አልዋሸም። መንጃ ፈቃዱ ግን የሚናገረው በፈረንጅ ነው፤ 1980 ይላል። ከኋላዬ ተፈናጥጦ ዋለ።

ልብስ መልበሱ ራሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሹራብ በሹራብ፣ ካልሲ በካልሲ፣ ከላይ ወፍራም ቱታ፣ ከዚያ ሄልሜት። የመጨረሻው ሰው የመጨረሻውን ዚፕ ሲዘጋ የመጀመሪያው ሰው ሽንቱ ይመጣል።

አከራዩ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ነዳጅ መስጫው በቀኝ አውራ ጣት፣ ፍሬኑ በግራ እጅ፤ ይህቺን ቀይ ገመድ ጃኬታችሁ ላይ አያይዙ፣ ብትወድቁ ተነቅላ ሞተሩን ታጠፋለች፤ እያለ አስረዳ። ወንዶቻችን ራሳቸውን ነቀነቁ። መጠየቅ አለማወቅን ማመን ስለሆነ የጠየቀ የለም። ሰውዬው ዘወር ሲል የአንደኛው ሞተር አልነሳም አለ። «ባትሪው ነው።» «የለም፣ ካንዴላው ነው።» «ብርዱ ነዳጁን አርግቶት ይሆናል።» ኮፈኑ ተከፈተ፤ ሁሉም ጎንበስ ብሎ አየ። አከራዩ ተመልሶ መጣና የተንጠለጠለችውን የገመድ ጫፍ በአንድ ጣቱ ቦታዋ ላይ ጫን አደረጋት። ተነሳ። «እኔም እኮ እሱን ልል ነበር» አለ ባለ ካንዴላው።

መንገዱ ላይ ደግሞ የጣት ሥርዓት አለ። ከፊት የሚመጣ ቡድን ሲያጋጥም እያንዳንዱ ነጂ ከኋላው ስንት እንደቀሩ በጣቱ ያሳያል፤ የመጨረሻው ጭብጡን ያነሳል፣ አበቃ ነው። እኛ ግን ሰላምታ የምናሳልፍ ሕዝብ አይደለንም። ሁለት ጣት ላነሳልን ሁሉ አምስቱንም ዘርግተን፣ አንገታችንንም ሰበር አድርገን እጅ ነሳን። መጨረሻ ላይ የነበረው ወንድማችን ካለፈ በኋላ ዞር ስል፣ ሁለት ፈረንጆች ዳር ይዘው ቆመዋል። የሌሉ አምስት ሐበሾች እየጠበቁ።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ አማተብን። እዚያ በረዶው ላይ ፒካፕ ቆሞ ዓሣ ይጠመዳል፣ እኛ ዳር ላይ «አንቺ ቅደሚ»፣ «ኧረ በሞቴ አንተ ቅደም» እንባባላለን። እንዲህ ያለ ጨዋነት ሠርግ ቤት ቡፌ ላይ አይቼ አላውቅም።

በግዛቲቱ ከ22,000 ማይል በላይ የስኖውሞቢል መንገድ አለ። አብዛኛውን የሚደለድሉት የየአካባቢው ክበብ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ሰው ተኝቶ፣ በሌሊት። ይህን ስንሰማ «አቤት ሥልጣኔ!» ብለን አደነቅን። ከአድናቂዎቹ ሁለቱ አንድ ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ የጋራ ደረጃቸውን በረዶ ማን ይጥረግ በሚል ከገና ጀምሮ ተኳርፈዋል።

ማታ ጀበናው ተጣደ። ወሬው ሲሞቅ ፍጥነቱም ጨመረ። አቦል ላይ በ30 ማይል የነዳ ሰው ቶና ላይ 50 ደረሰ፤ የግዛቲቱ የፍጥነት ወሰንም እዚያው ላይ ስለሆነ በረካ ላይ ሕግ ጣሰ። ፎቶውማ አይነሳ! ሞተሩ ላይ ካሳለፍነው ጊዜ ይልቅ ሞተሩን ተደግፈን የቆምንበት ይበልጣል።

ባለ ካንዴላው በሄልሜት የተነሳውን ለእናቱ ላከ። እሳቸውም ወዲያው ደወሉ፦ «ምነው ልጄ፣ በዚህ ቁር በሞተር ዕቃ ታደርስ ጀመር? መኪናህን ምን አገኘው?»

ለአንድ ቀን ኪራይ የከፈለውን በልቡ ወደ ብር መነዘረ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

«አዎ እማዬ፣» አለ፤ «ደመወዙ ጥሩ ነው።»