እዚችው ናት

ጎልፍ ያስጀመሩኝ ጋሼ ናቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ጎረቤታቸው ደጃፉ ላይ አሮጌ ዕቃ ዘርግቶ ሲሸጥ፣ ዘጠኝ የጎልፍ ዱላ ከነከረጢቱ በ35 ዶላር ገዙና ደወሉልኝ። «ሕጉ ከ14 አይብለጥ ይላል እንጂ ከዘጠኝ አይነስ አይልም» አሉኝ። ሕጉን ከየት እንዳገኙት አልጠየቅኋቸውም። ጋሼ ሃያ ዓመት ሙሉ መኪና ማቆሚያ ሲያስተዳድሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሕግ ያውቃሉ።

የምንጫወተው ዋሽንግተን፣ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ባለው ላንግስተን ሜዳ ነው። መጀመሪያ የሄድነው ለዋጋው ብለን ነበር፤ ጋሼ ግን ታሪኩን ከሰሙ ወዲህ ሌላ ሜዳ አይረግጡም። እ.ኤ.አ. በ1939 የተከፈተው ሌላ ቦታ እንደ ልባቸው መጫወት ለተከለከሉ ጥቁሮች ነው። ይሠራልን ብለው ከወተወቱት መካከል ዌክ ሮቢን የተባለው የጥቁር ሴቶች የጎልፍ ክበብ አለበት። ጋሼ ይህን ለመጣው ሁሉ ይተርካሉ። ኳሴ ውኃ ውስጥ በገባች ቁጥር ደግሞ «እነዚያ ሴቶች የለፉት ለዚህ ነው?» ይሉኛል።

ጎልፍ ውስጥ ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፦ ስንት ያርድ ቀረ? ዱላው የሚመረጠው በመልሱ ነው፤ 150 ሲቀር የሚያዘው 100 ሲቀር አይያዝም። ሜዳው ራሱ እንዲነግርህ ብለው ችካል ይተክላሉ፣ የውኃ መርጫው ክዳን ላይ ቁጥር ይቀርጻሉ። ይኼ ሁሉ ግን ኳሱ መሐል ሜዳ ላረፈለት ሰው ነው። የኔ ኳስ የምታርፈው ዛፍ ሥር ነው፤ ዛፍ ላይ ቁጥር የጻፈ የለም።

ስለዚህ ጋሼን እጠይቃለሁ። አገጫቸውን ከፍ፣ ከንፈራቸውን ሾል አድርገው ወደ ባንዲራው ይጠቁሙና «እዚችው ናት» ይላሉ። ገጠር ያደገ ሰው ይህችን «እዚችው ናት» ያውቃታል። ጠዋት ሰምተሃት ስትሄድ ውለህ፣ ማታ ሌላ ሰው ብትጠይቅ እሱም «እዚችው ናት» ይልሃል። በጣም የራቀ እንደሆነ ርቀቱ ቃሉ ውስጥ ይገባል፤ «እዚ———ያ» ሲሉ ድምፁ የተሳበውን ያህል ትሄዳለህ። ለእግረኛ መቼም ይበቃል። ለዱላ መምረጫ ግን አልሆነኝም።

«ጂፒኤስ ልገዛ ነው» አልኩ ቤት ገብቼ።

«መኪናህ ላይ ያለው ምን ሆነ?» አለች ባለቤቴ።

ለጎልፍ መሆኑን ስነግራት ዝም አለች። እንዲህ ያለውን ዝምታ ባለትዳር ያውቀዋል። ዋጋው ከ100 ዶላር በታች እንዲሆን የወሰንኩት በዚያች ደቂቃ ነው።

ገበያው ሰፊ ነው። እንደ መነጽር ዓይን ላይ የሚደገን ሌዘር አለ፤ ባንዲራው ላይ አነጣጥረህ ስትጫነው ርቀቱን ቁልጭ አድርጎ ይነግርሃል። ግን እጅህ መንቀጥቀጥ የለበትም፣ ባንዲራውም መታየት አለበት። እኔ ከቤት የምወጣው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጨርሼ ነው፤ ከዛፍ ሥር ሆኜ ደግሞ የሚታየኝ ቅጠል ነው። እጅ ላይ የሚታሰር ሰዓትም አለ። ጥሩ ነበር፤ ዋጋው ግን ዝምታውን ያስረዝመዋል።

ስልክ ላይ በነፃ የሚጫነውን አፕ እንኳ ሞክሬዋለሁ። ለብዙ ሰው ይበቃል። ለኛ ግን እንጃ። እዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሲሆን አገር ቤት ከሰዓት በኋላ ነው፤ አክስቴ የምትደውልበት ሰዓት። አብሮን የሚጫወተው ሰውዬ ኳሷን ቀዳዳው አፍ ላይ አድርሶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ አጎንብሶ ሳለ ኪሴ ይጮኻል። እንዳላነሳው ደግሞ አክስቴ አንድ ነገር ሆኗል ብላ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ታስነሳለች።

በእጅ የሚያዘው ቀረ። ጋርሚንም፣ ቡሽኔልም፣ ስካይካዲም ሠርተዋል። ዕቃው ራሱ ርካሽ መስሎ፣ የሜዳዎቹን ካርታ ለማግኘት በየዓመቱ ክፈል የሚልም አለ። እሱን ሳይ አያቴ ትዝ አሉኝ፤ ጢሰኝነት በአዋጅ ከቀረ ወዲህ ተመልሼ የምገባበት ምክንያት የለም። ባለ ቀለም ስክሪን ደግሞ ሱቅ ውስጥ ያምራል፤ ፀሐይ ላይ ወጥቼ ሳየው የታየኝ የራሴ ፊት ነው። ጥቁርና ነጩ ይሻላል፤ ባትሪም አይበላም። አንድ ጨዋታ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ በኛ አጨዋወት አምስት።

በመጨረሻ ሌላ ሰው የተጠቀመበትን በ60 ዶላር ገዛሁ። ከሁለት የክብሪት ቀፎ አይበልጥም፣ ቀበቶ ላይ ይንጠለጠላል። ሦስት ቁጥር ያሳያል፦ ባንዲራው እስከተተከለበት ግሪን ፊት፣ እስከ መሐሉ፣ እስከ ኋላው። በቃ።

ጋሼ ገና ሲያዩት «ማጭበርበር ነው» አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ደንቡ ርቀት መለካት እንደሚፈቅድ፣ ዳገትና ቁልቁለቱን መለካት ግን እንደሚከለክል አስረዳኋቸው። ከዚያ ሳተላይቶቹን አመጣሁ። 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንደሚዞሩ፣ ይቺ ዕቃ ቢያንስ የአራቱን ሰምታ ያለንበትን እንደምታውቅ ነገርኳቸው። ድሮ የአሜሪካ ወታደሮች ለሲቪሉ የሚላከውን ምልክት ሆን ብለው ያዛቡት እንደነበር፣ እስከ 100 ሜትር ያሳስት እንደነበርና ፕሬዚዳንት ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳስቆሙትም ጨመርኩ።

«ታዲያ እስከዚያ ድረስ ሳተላይቱም እዚችው ናት ነበራ የሚለው!» አሉ።

መልስ አልነበረኝም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ኳሴ እያጠረች አስቸገረችኝ። አንድ ቀን ቁልፎቹን ስነካካ ለካስ የቀድሞው ባለቤት በሜትር ሞልቶት ኖሯል፤ 137 ሲለኝ 150 ያርድ ማለቱ ነው። ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ስንት ቀን ራሴን ወቅሻለሁ! ደስ ብሎኝ ወደ ያርድ ቀየርኩት። ጥፋቱ የኔው ነበር።

ይህን ያረጋገጠችልኝ ራሷ ዕቃዋ ናት። ከመታህበት ቦታ ቁልፍ ተጭነህ ኳሷ ጋ ስትደርስ ስንት ያርድ እንደላክሃት ትነግርሃለች። እኔ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሳይቀር 200 ያርድ እመታለሁ ብዬ ያወራሁ ሰው ነኝ። 131 አለችኝ። ደገምኩ፤ 128። በሦስተኛው ኳሷ ግንድ መትታ ወደኔ ተመለሰች፤ 4 አለችኝ። ጋሼ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ሳቁ፤ ከኋላ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እስኪያፏጩ ድረስ።

አሁን ከጉራዬ 70 ያርድ ቀንሼ ዱላ እመርጣለሁ፤ ኳሷም አልፎ አልፎ ግሪኑ ላይ ትወጣለች። ጋሼ አሁንም «እዚችው ናት» ይላሉ። ብቻ ሰው በሌለበት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ያቺ ዕቃህ ስንት ትላለች?» ማለት ጀምረዋል።

ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ዓመታዊ ክፍያ የሌለው፣ ፀሐይ ላይ የሚነበብ፣ ሦስቱን ቁጥር የሚያሳይ ይበቃችኋል። ያርድ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። በተረፈው ገንዘብ ኳስ ግዙ።